ይቆጠራል ወይስ ይሰፈራል?

የፈተና ሰሞን ሲደርስ የየቤቱ ድምፅ ይለወጣል። ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ እንግዳ ሲመጣ በሹክሹክታ ይወራል፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ እናት ራሷ የምትፈተን ይመስል እንቅልፍ ይነሳታል። እኛ «ሚኒስትሪ» እያልን ያደግነው፣ ዛሬም ስሙ ከአፋችን ያልጠፋው ፈተና ማለቴ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤቴ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት፣ ጠሩኝ። «አንተ እንግሊዝኛ ታስተምር አልነበር? እስቲ ይህን ልጅ እይልኝ። ሌት ተቀን ያነባል፣ ውጤቱ ግን ያው ነው» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ከ20 ጥያቄ 9 አግኝቷል። የተሳሳታቸውን ሳያቸው አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ባዶ ቦታ አለ፣ ከባዶው ቦታ በኋላ አንድ ስም አለ፣ ከታች ደግሞ አራት ምርጫ፤ «ማች»፣ «ሜኒ»፣ «ፊው»፣ «ሊትል»።

የመጀመሪያው «ምን ያህል ገንዘብ አለህ?» የሚል ነበር። «ሀው» ካለ በኋላ ባዶ ቦታው፣ ከዚያ «ማኒ»። ልጁ «ሜኒ» የሚለውን አክብቧል። ለምን እንደመረጠው ጠየቅሁት።

«ገንዘብ ይቆጠራላ!» አለኝ ቀና ብሎ። «ባንክ ቤት እኮ መቁጠሪያ ማሽን አለ።»

ከዚህ የተሻለ ክርክር ከ8ኛ ክፍል ልጅ አይጠበቅም። መምህሩ «ማች ለማይቆጠር፣ ሜኒ ለሚቆጠር» ብለው አስተምረውታል፤ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሮበት ተጽፏል። ገንዘብ ደግሞ ሲቆጠር በዓይኑ አይቷል። ታዲያ ምኑን ተሳሳተ? እኔ ማብራሪያዬን ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ፣ አያትየው ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ነበርና ቀደሙኝ።

«ገንዘብ ምን ይቆጠራል? የሚቆጠረው ብሩ ነው እንጂ! አንድ ገንዘብ፣ ሁለት ገንዘብ፣ ሦስት ገንዘብ ብሎ የቆጠረ ሰው ታውቃለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የሰዋስው መጽሐፍ በግማሽ ገጽ የሚለውን እኚህ እንግሊዝኛ አንድ ቀን ተምረው የማያውቁ ሴት በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የዛሬውን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ወላጅና አያት «እኔ እንግሊዝኛ ስለማልችል ልጁን አልረዳውም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለዚህኛው የጥያቄ ዓይነት ግን ትልቁ መሣሪያ እኛው አማርኛችን ውስጥ አለ።

ስለ ብዛት ስናወራ «ስፍር ቁጥር የሌለው» እንላለን። ሁለት ቃል ነው፤ ስፍር እና ቁጥር። እንቁላል ይቆጠራል፤ ጤፍ ይሰፈራል። በግ ይቆጠራል፤ ወተት ይለካል። አያቶቻችን በጣሳና በቁና የሚሰፍሩትን ከሚቆጥሩት ለይተው ያውቁ ነበር፤ ገበያ ወርዳ እንቁላል በቁና ግዛልኝ ያለች ሴት የለችም። እንግሊዝኛ የሚለው ይህንኑ ነው። የሚቆጠረውን «ሜኒ» እና «ፊው» ይከተሉታል፣ የሚሰፈረውን «ማች» እና «ሊትል»። የእኛ መማሪያ መጽሐፍ «የማይቆጠር ስም» ብሎ ሲተረጉመው ግን ልጁ በእጁ መቁጠር የማይችለውን ነገር ይፈልጋል። ኮከብ አይቆጠርም ይልና ይሳሳታል። ኮከብ በእንግሊዝኛ ይቆጠራል፤ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። «የሚሰፈር ስም» ብንለው ኖሮ ስንት ልጅ በዳነ!

እንግዲህ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ላሳያችሁ። በአማርኛ «ብዙ» የሚለው ቃል አድልዎ አያውቅም። ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሃ። «ትንሽ» እና «ጥቂት»ም እንዲሁ ናቸው። ስፍሩን ከቁጥሩ በልባችን እናውቃለን እንጂ በቃሉ አንለይም። ልጁ እንግሊዝኛውን የሚያስበው በአማርኛ ስለሆነ «ብዙ» ሲል የትኛውን እንደሚመርጥ የሚነግረው ምልክት የለም። «ስንት»ም እንደዚሁ ያሳስተዋል። ዋጋ ስንጠይቅ «ስንት ነው?» እንላለን፤ ልጁም ሱቅ ገብቶ በእንግሊዝኛ ጠይቅ ቢባል «ሀው ሜኒ» ይላል። መባል ያለበት «ሀው ማች» ነው፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ነዋ።

ሌላም አለ። በአማርኛ ቁጥር ከጠራን በኋላ ስሙን ማብዛት ግዴታችን አይደለም። ሁለት ልጅ፣ አምስት ቤት፣ ብዙ መጽሐፍ እንላለን፤ ማንም አይታዘበንም። እንግሊዝኛ ግን «ሜኒ» ካለ በኋላ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤስ» የምትባለውን ፊደል ይፈልጋል። «ሜኒ ቡክ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ አማርኛውን አክብሮ ነው የተሳሳተው። (ስለ በግ ሲጻፍ ግን ዕድለኛ ይሆናል። «ቱ ሺፕ» ነው፤ በጉ አንድም ሆነ መቶ «ኤስ» የለውም።)

ይህን «ኤስ» በፈተና ላይ እንደ ምልክት መጠቀም ይቻላል። ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለው ስም «ኤስ» ከያዘ «ማች» እና «ሊትል» ወዲያው ይሰረዛሉ። ካልያዘ ደግሞ «ሜኒ» እና «ፊው» ይሰረዛሉ። ከአራት ምርጫ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሄዱ ማለት ነው። ፈተና አውጪዎችም ይህንን ስለሚያውቁ ወጥመድ ያስቀምጣሉ። «ኒውስ»፣ ዜና ማለት ነው፣ መጨረሻው «ኤስ» ነው፤ ግን አንድ ነጠላ የሚሰፈር ስም ነው። «ማቴማቲክስ» እና «ፊዚክስ»ም «ኤስ» አላቸው፤ እነሱም ብዙ አይደሉም። በተቃራኒው «ፒፕል»፣ «ቺልድረን»፣ «ሜን» እና «ዊሜን» ያለ «ኤስ» ብዙ ናቸው፤ «ሜኒ»ን ይፈልጋሉ። እነዚህን ጥቂቶቹን በቃል መያዝ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ወደ አያትየው ሰፌድ ልመለስ። «ምስርስ?» አልኳቸው። «ምስርማ ይሰፈራል!» አሉ ሳያቅማሙ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ከዳቸው። ምስር፣ አተርና ባቄላ በእንግሊዝኛ ፍሬያቸው ተለይቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ «ሌንትልስ»፣ «ፒስ»፣ «ቢንስ» ተብለው «ኤስ» ይይዛሉ። ስንዴ፣ ሩዝና ጤፍ ግን ይሰፈራሉ። ሩዝ ከምስር ምን ያህል ቢያንስ ነው? ምክንያቱን መፈለግ አያዋጣም። ድንችና ሽንኩርትም በኪሎ ብንገዛቸውም በእንግሊዝኛ ይቆጠራሉ። አያትየው ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ፈረንጅ ምስር ለቅሞ ያውቃል?» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

አማርኛችን የሚያሳስተንን ስሞች ከዚህ በላይ ልብ ማለት ያሻል፤ ማርክ የሚያልቀው እነሱ ላይ ነውና። ዳቦ በእኛ ይቆጠራል፤ ሱቅ ሄደን «አምስት ዳቦ ስጠኝ» እንላለን። በእንግሊዝኛ «ብሬድ» ይሰፈራል፤ መቁጠር የፈለገ «ሎፍ» የሚል ቃል ይጨምርበታል። መረጃ በእኛ «መረጃዎች» ይሆናል፤ «ኢንፎርሜሽን» ግን በምንም ተአምር «ኤስ» አይነካውም። ምክር «ምክሮች» ይባላል፤ «አድቫይስ» አይበዛም። «ሁለት የቤት ሥራ አለኝ» ትላለች ልጃችሁ፤ «ሆምወርክ» ግን አይቆጠርም፣ እሷ ምንም ያህል ብታዝንበት። የቤት ዕቃ፣ «ፈርኒቸር»፤ ወንበሩም ጠረጴዛውም በየራሱ ይቆጠራል፣ አንድ ላይ ሲጠሩ ግን ይሰፈራሉ። የጉዞ ሻንጣም እንዲሁ ነው፤ «ባግ» ይቆጠራል፣ «ለጌጅ» አይቆጠርም። ገንዘብና ብር እንደማለት ነው። የአያትየው ሕግ እዚህ ሁሉ ይሠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «ፊው» እና «ኧ ፊው»። «ሊትል» እና «ኧ ሊትል»። በመካከላቸው ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፣ ግን ዓረፍተ ነገሩን ትገለብጠዋለች። አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን በዚህች ፊደል የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ለ7ኛ ክፍል ባወጣሁት ፈተና «በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ___ ጓደኞች አሉኝ» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ አስገባሁ። ከምርጫዎቹ ውስጥ «ፊው»ም «ኧ ፊው»ም ነበሩ። መልሱ «ፊው» ነው ብዬ አረምኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ስጠየቅ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀቱን ከመለስኩ በኋላ ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ኧ ፊው» ብላ መልሳ ኤክስ ተደርጎባታል። «መምህር፣ እኔ እኮ ጓደኞች አሉኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሁለት ናቸው። ግን አሉኝ።»

ልክ እሷ ነበረች። «ፊው» ማለት «የለም ማለት ይቀላል» ነው። ሰው ሲማረር የሚናገረው ነው። «ኧ ፊው» ደግሞ «ጥቂት ቢሆኑም አሉ» ማለት ነው፤ ሰው ሲጽናና የሚናገረው ነው። የእኔ ዓረፍተ ነገር የትኛው ተማሪ የትኛው ስሜት ላይ እንዳለ አይናገርም ነበርና ሁለቱም መልስ ትክክል ነበሩ። እኔ ግን ልጅቷን በማታውቀው ፊርማ ጓደኛ የለሽም ብዬ ፈርሜባታለሁ። ማርኳን መለስኩላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳወጣ ከኋላው «ምክንያቱም» ወይም «ስለዚህ» የሚል ነገር ሳልጨምር አውጥቼ አላውቅም።

ይህንንም በአማርኛ መፈተን ይቻላል። እኛ በፊደል ሳይሆን በ«አለ» እና በ«የለም» ነው የምንለየው። «ትንሽ ገንዘብ አለኝ» ካልን «ኧ ሊትል» ነው። «ብዙም ገንዘብ የለኝም» ካልን «ሊትል» ነው። ዓረፍተ ነገሩን ለልጁ ተርጉሙለት፤ ወይም ራሱ ይተርጉምላችሁ። «___ ገንዘብ ስለነበራት ጫማውን መግዛት አልቻለችም»፤ በአማርኛ ባዶውን ቦታ ስትሞሉ አፋችሁ «ብዙም ገንዘብ ስላልነበራት» ይላችኋል። አሉታው መጣ፤ መልሱ «ሊትል» ነው። «___ ጊዜ ስላለን ሻይ እንጠጣ» ከሆነ «ትንሽ ጊዜ ስላለን»፤ አዎንታ ነው፣ «ኧ ሊትል»። ልጁ ሕጉን ሸምድዶ ካልገባው ይህንን አስር ጊዜ ቢያደርግ ይገባዋል። እንግሊዝኛ የማትችል እናትም ይህንን ልታሠራው ትችላለች፤ የሚያስፈልጋት «አለ ነው የለም?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

«ኧ ሎት ኦቭ» ለሁለቱም ይሆናል፤ ለሚቆጠርም ለሚሰፈርም። «ሰም» እና «ኤኒ»ም ለሁለቱም ያገለግላሉ፤ «ሰም» ለአዎንታ፣ «ኤኒ» ለአሉታና ለጥያቄ ብሎ መያዝ ለ8ኛ ክፍል ይበቃል፤ «ሻይ ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጋበዝ ብቻ ጥያቄም ሆኖ «ሰም» ይባላል። «ማች» ደግሞ ጠባዩ አንድ ነገር አለው። ብዙ ጊዜ የሚወደው አሉታና ጥያቄ ነው። «ብዙ ውሃ አለን» በሚል ተራ አዎንታ ውስጥ «ማች» እና «ኧ ሎት ኦቭ» ተደርድረው ከመጡ ሁለተኛውን መምረጥ ይሻላል። «ቱ» ወይም «ሶ» ከፊቱ ካለ ግን «ማች» በአዎንታም ጥሩ ነው።

ስለ «ሌስ» እና «ፊውወር» ብዙ ወላጆች ይጨነቃሉ። ሕጉ ያው ነው። ለሚሰፈር «ሌስ»፣ ለሚቆጠር «ፊውወር»። ፈተና ላይ ይህንን ይከተሉ። ግን ልጃችሁ በፊልም ላይ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ራሳቸው «ሌስ ፒፕል» ሲሉ ሰምቶ ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ። ሕጉ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ቋንቋው በጻፈው መጽሐፍ ላይ ለሚቆጠር ነገር «ፊውወር» ቢባል ይሻላል ብሎ የራሱን ምርጫ አሰፈረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዋስው ጸሐፊዎች ምርጫውን ሕግ አደረጉት። ከዚያ በፊት ለዘመናት «ሌስ» ለሁለቱም ይባል ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ጭቅጭቁ አልበረደም። ቴስኮ የተባለው የብሪታንያ ሱፐርማርኬት «10 ዕቃ ወይም ከዚያ ያነሰ» ለያዙ ደንበኞች የለጠፈው ማስታወቂያ ላይ «ሌስ» በማለቱ ሲወቀስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጽሑፉን «እስከ 10 ዕቃ» ብሎ በመለወጥ ከጭቅጭቁ አመለጠ። ባለቤቶቹ በሚጣሉበት ነገር የእኛ ልጅ ማርክ ሲያጣ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ፈተና ፈተና ነው።

ለ12ኛ ክፍል የሚዘጋጁ ልጆች ያላችሁ ደግሞ አንዲት ጥንድ አደራ እላለሁ። «ኧ ነምበር ኦቭ» እና «ዘ ነምበር ኦቭ»። ሁለቱም ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ግስ ግን ይለያያል። አማርኛው ወዲያው ይፈታዋል። የመጀመሪያው «በርካታ ተማሪዎች መጡ» ነው፤ የመጡት ተማሪዎቹ ናቸው፣ ግሱ ብዙ ነው። ሁለተኛው «የተማሪዎቹ ቁጥር ጨመረ» ነው፤ የጨመረው ቁጥሩ ነው፣ ግሱ ነጠላ ነው። «ኢች» እና «ኤቭሪ»ም እንዲሁ ናቸው። «እያንዳንዱ ተማሪ መጣ» እንላለን እንጂ «እያንዳንዱ ተማሪ መጡ» አንልም፤ እንግሊዝኛውም ከዚህ የተለየ ነገር አይልም።

አንድ ነገር ግን ልክ አይመስለኝም። በየሱቁ የሚሸጡትን አጋዥ መጻሕፍት ገዝቶ፣ መቶ ጥያቄ ከነመልሱ ልጁ ፊት አስቀምጦ «ሸምድድ» ማለት። ልጁ «ማኒ» ሲያይ «ማች» ማለትን ይለምዳል፤ ፈተናው ላይ በ«ማኒ» ምትክ «ዶላርስ» ሲመጣበት ደግሞ ያንኑ «ማች» ይመርጣል። ሸምድዶ 9 ያገኘ ልጅን አይቻለሁ አልኳችሁ እኮ።

እሱን ልጅ አብረን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥንበት። እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ እሱ ይተረጉማል፣ አያቱ «ይቆጠራል ወይስ ይሰፈራል?» እያሉ ይጠይቁታል። ዳቦ ላይ ተሳሳተ፤ ጸጉር ላይ ተከራከረ። መጨረሻ ላይ የመጣችው ጥያቄ ሁላችንንም አቆመችን። «ብዙ ጊዜ»።

«ጊዜ ይቆጠራል ወይስ ይሰፈራል እማዬ?» አላቸው አያቱን።

አያትየው ሰፌዱን አስቀመጡ። «እንደ ሁኔታው ነዋ» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። «በሩን ዝጋ ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬሃለሁ፤ ይህ ይቆጠራል። እራት ለመሥራት ግን ብዙ ጊዜ የለኝም፤ ይህኛውን ምን ብዬ ልቁጠረው?»

ልጁ እርሳሱን አነሳና ለመጀመሪያው «ሜኒ ታይምስ»፣ ለሁለተኛው «ማች ታይም» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ማርኩን እስክሰጠው ጠበቀኝ። አያቱ ግን በሩን እያሳዩት ነበር፤ አሁንም ክፍት ነው።